ጠመንጃ ለሌለው ሱዳናዊም ወንበር ይቀመጥለት፦ ለአፍሪካ ሕብረት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአፍሪካ ሕብረት የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ክቡራን፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ከሕንፃችሁ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ነው። መንገድ ካልተዘጋ ማለቴ ነው፤ መሪዎቻችሁ ሲሰበሰቡማ እንኳን ታክሲ እግረኛም አያልፍ። ይህን ደብዳቤ በእጄ ላመጣው አስቤ ነበር። በኋላ ግን ሰው ሁሉ ቢያነበው ይሻላል አልኩ።

ጉዳዩ ሱዳን ነው። ዲፕሎማት አይደለሁም፣ የፖለቲካ ተንታኝም አይደለሁም። ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር ስድስት ዓመት የኖርኩ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ዴምን ለማታውቁት፣ ሐበሻ የበዛበት ሰፈር ነው። እንጀራው አለ፣ ሽሮው አለ፣ ከአንዱ ቤት አማርኛ ከአንዱ ቤት ትግርኛ ዘፈን ይሰማል፣ ከሁለቱም መሃል የሱዳን ዘፈን ይገባል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናንተም የምትሠሩበት በሱ ስለሆነ።

ጦርነቱ የጀመረበትን ቀን ልንገራችሁ። አፕሪል 15፣ 2023፣ ዕለቱ ቅዳሜ። ለሱዳኖቹ ረመዳን 24ኛ ቀኑ ነው፣ ለኛ ደግሞ ቀዳም ሹር። ሰፈሩ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጾም ላይ ነበር። ወትሮ ቡና የምጠጣባት አንዲት የጎንደር ልጅ ነበረች። ዛፍ ሥር አራት ባንበር ደርድራ ዝንጅብል የገባበት ቡና ታፈላለች። ባንበር የሚሏት አጭር መቀመጫ ናት፤ ከኛ ወንበር ጋር ሳትዛመድ አትቀርም። በረመዳን ቀን ቀን ገበያ ስለሌለ የዚያን ዕለት ቤቷ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች። ዶሮ በመዋጮ ገዝተን ነበር። ሦስት ሰዓት ግድም ተኩስ ሰማን። እኔ ጎማ የፈነዳ መሰለኝ፣ ሥራዬ ነዋ። ቀጥሎ አውሮፕላኑ መጣ።

ዶሮዋ ተሠርታለች፤ የበላት ግን የለም ማለት ይቻላል። ለፋሲካ ሌሊት ስምንት ሰው አንድ ኮሪደር ላይ ተጋድመን መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ እናዳምጥ ነበር። በማግስቱ ቧንቧው ደረቀ። ማታ ላይ ጎረቤታችን የሆነች ሱዳናዊት፣ ያን ሁሉ ሙቀት ጾማ የዋለች ሴትዮ፣ ለራሷ ቤተሰብ ማፍጠሪያ ያስቀመጠችውን ውኃ ለሁለት ከፍላ ግማሹን በጄሪካን ላከችልን። ሃያ ሊትር የምትይዘዋ ቢጫ ጄሪካን ናት። ይቺን ጄሪካን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በመግለጫዎቻችሁም በዜናውም ይህ ጦርነት ‹‹የሁለት ጄኔራሎች ጠብ›› የሚል ስም ወጥቶለታል። የጦሩ አዛዥ አል ቡርሃን በዚህ፣ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ ሔሜቲ በዚያ። መጣላታቸው እውነት ነው። ዲሴምበር 2022 ላይ የማዕቀፍ ስምምነት የሚባል ነገር ተፈርሞ፣ ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል ወደ መደበኛው ጦር ይቀላቀል ሲባል፣ ጦሩ በሁለት ዓመት ይጠናቀቅ አለ፣ ሔሜቲ አሥር ዓመት ይሰጠኝ አለ። ጥይቱ የተተኮሰው እዚያ ላይ ነው። ግን ለመሆኑ አንድ አገር ሁለት ጦር ከየት አመጣች? የራሱ የወርቅ ማዕድን ያለው፣ የራሱ ባለሀብት የሆነ፣ ለመከላከያ ሚኒስትሩ የማይታዘዝ ጦር በአንድ ሌሊት አይበቅልም።

ምዕራብ ሱዳን ባለችው ዳርፉር በ2003 አመፅ ሲነሳ የፕሬዚዳንት አልበሽር መንግሥት የዘላን ጎሳ ሚሊሻዎችን አስታጠቀ። ጀንጀዊድ የምንላቸው እነሱ ናቸው። መንደር አቃጠሉ፣ ሰው ፈጁ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ እነዚያው ሰዎች ስማቸው ተቀይሮ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ተባሉ። በ2017 ፓርላማው አዋጅ አወጣላቸው፤ ልብ በሉ፣ ሕጋዊ ሆኑ። በዚያው ዓመት ጀበል ዓሚር የሚባለው የወርቅ ቦታ ሔሜቲ እጅ ገባ። ግመል ነጋዴ የነበረው ሰውዬ በዚህ መንገድ ነው ጄኔራል የሆነው። አልበሽር በስሙ እየተጫወተ ‹‹ሒማያቲ››፣ ጠባቂዬ፣ ይለው ነበር ይባላል። አሁን ጦሩ ባጎረስኩ ተነከስኩ ይላል። ጉርሻው ግን ከማን ቀለብ እንደተቆረሰ ዳርፉሮቹን ጠይቁ።

ይህ ደግሞ አልበሽር የፈጠረው ዘዴም አይደለም። በ1980ዎቹ የደቡቡ ጦርነት ሲከብድ፣ በምርጫ የመጣው የሳዲቅ አል ማህዲ መንግሥት ሳይቀር ሙራሒሊን የሚባሉትን ሚሊሻዎች ተጠቅሟል። ካርቱም ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ኮት የለበሰም መለዮ የለበሰም፣ ዳር አገሩን በርካሽ ጦርነት ሲያስተዳድር ነው የኖረው። ደመወዝ የለም፣ የሚዘረፈው የራስህ ነው ይባላል። ልዩነቱ በ2023 ያ ርካሽ ጦርነት አድራሻ ቀይሮ ካርቱም መምጣቱ ነው። የካርቱም ሰው ሶፋውና ፍሪጁ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ሲያይ ‹‹ሸፍሻፋ›› የሚል ስም አወጣለት፣ ዝርፊያ ማለቱ ነው። አንድ የዳርፉር ልጅ፣ የሱቃችን ተላላኪ፣ ‹‹እኛ ሃያ ዓመት ስንዘረፍ ስም እንኳን አላወጣችሁለትም›› ሲል ሰምቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ለኛም ሰፈር ሰዎች አንድ ነገር ልበል፤ እናንተም ብትሰሙት አይከፋም። ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ሱዳን ባወራሁ ቁጥር ‹‹ተዋቸው፣ አረቦች እርስ በርሳቸው ነው›› የሚል አላጣም። ኧረ ተዉ! የዳርፉሯ ጀኒና ውስጥ በ2023 የተጨፈጨፉት ማሳሊቶች ጥቁር አፍሪካውያን፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ ሙስሊሞች ናቸው። የገደላቸውም ሙስሊም ነው። ፉሩ፣ ዘጋዋው፣ ኑባው፣ ቤጃው፣ ሁሉም ሱዳናዊ ነው። ‹‹ሃይማኖታቸው ነው እንዲህ ያደረጋቸው›› የሚለውም አያዋጣም። ማህሙድ መሐመድ ጣሃ የሚባል ሽማግሌ ምሁር ነበር። የዚያን ጊዜው ወታደራዊ ገዢ ኒሜሪ በ1983 በሸሪዓ ስም ያወጣውን ሕግ፣ ይህ እስልምናን ማዋረድ ነው ብሎ ተቃወመ። በ76 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 18፣ 1985 ካርቱም ውስጥ በአደባባይ ሰቀሉት። ሦስት ወር ሳይሞላ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ኒሜሪን አወረደው። በ1964 ጄኔራል አቡድን ያወረደውም ሕዝብ ነው። በ2019 አልበሽርን ያወረደውም እሱ ነው። ከነጻነት ወዲህ ሦስት ወታደራዊ ገዢዎችን ባዶ እጁን ያወረደ ሕዝብ በአህጉራችን ስንት አለ? ለዚህ ነው ‹‹አረቦች ናቸው›› ሲባል ደሜ የሚፈላው።

ወረቀቶቹ ላይ ልምጣ። በእናንተው ከተማ ስም የሚጠራ ስምምነት አለ፣ የ1972ቱ። 17 ዓመት የቆየውን የደቡቡን ጦርነት አስቁሞ አሥራ አንድ ዓመት ሰላም ሰጠ። እስካሁን ከተፈረሙት ሁሉ እሱ ይሻላል። ከዚያ ኒሜሪ የራሱን ፊርማ ራሱ ቀደደው፤ ደቡቡን ሦስት ቦታ ሸነሸነ፣ ጦርነቱ ተመለሰ። ስምምነቱን የሚጠብቅ ሌላ ባለቤት አልነበረውም።

በ2005 ናይሮቢ ላይ የአልበሽር መንግሥትና የደቡቡ ታጣቂ የጆን ጋራንግ ንቅናቄ ተፈራረሙ። ሁለት ወገን ብቻ። ሲጨበጨብ ዳርፉር እየነደደች ነበር። ዳርፉሮች ከዚያ የተማሩት ትምህርት አጭር ነው፤ ወንበር የሚሰጠው ለተኮሰ ነው። በ2020 ጁባ ላይ ይኸው ተደገመ። የታጠቁት ንቅናቄዎች ፈረሙ፣ ሚኒስትርነትና አገረ ገዥነት አገኙ። ከፈራሚዎቹ መሪዎች ጂብሪል ኢብራሂምና ሚኒ ሚናዊ በ2021 መፈንቅለ መንግሥቱ ሊመጣ ሲል ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ለጦሩ ድጋፍ ከተሰበሰቡት ጋር ቆመው አየናቸው።

የ2019ኙን ስምምነት ግን እናንተ ናችሁ ያደራደራችሁት፣ ከኛው መንግሥት ጋር ሆናችሁ። ስለዚህ ስለሱ ትንሽ ረዘም ላድርግ። ነገሩ የተጀመረው ዲሴምበር 2018 አትባራ ላይ ነው፤ የባቡር ሠራተኞች ከተማ ናት፣ እንደኛዋ ድሬዳዋ በሏት። የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ዘለለ። አፕሪል ላይ ሰው ጦር ሰራዊቱ ዋና መምሪያ በር ላይ ሰፈረ። እኔም ከሥራ ስወጣ እሄድ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሐኪም አለ፣ ሻይ አለ፣ መጻሕፍት የሚያነብ አለ፣ መግቢያው ላይ የሚፈትሹ ልጆች ‹‹ይቅርታ ወንድማችን›› እያሉ ነው ኪስህን የሚነኩት። ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች ብር አይቀበሉም ነበር። ጁን 3፣ ረመዳን 29፣ ዒድ ሊሆን ሲል፣ ፈጥኖ ደራሾቹና ሌሎች የጸጥታ ኃይሎች ሌሊቱን ገብተው ፈጇቸው። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ዓባይ ውስጥ የተጣለም ነበር።

ከዚያ ስምምነት መጣ። ሉዓላዊ ምክር ቤት ይቋቋም ተባለ። የመጀመሪያውን 21 ወር ወታደሩ ይመራል፣ ቀጥሎ ሲቪሉ 18 ወር። ሔሜቲ፣ ያ ሔሜቲ፣ ምክትል ሊቀመንበር ሆነ። ጭፍጨፋውን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ውጤቱን ግን እናቶቹ እስከ ዛሬ አላዩትም። አብደላ ሐምዶክ፣ እዚህ ካዛንችስ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ሰውዬ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሄደ። ጨዋ ሰው ነው ይላሉ፣ ይሆናል። ሊቀመንበርነቱን ለሲቪል የሚያስረክቡበት ጊዜ ሲቃረብ ግን፣ ኦክቶበር 25፣ 2021፣ ሁለቱ ጄኔራሎች አብረው፣ ያኔ ገና ሳይጣሉ፣ ገለበጡት። እናንተም በሁለተኛው ቀን ሱዳንን ከአባልነት አገዳችሁ። ጥሩ አደረጋችሁ፣ ይህን አልክድም። ግን ገዳይ የተባለውን ሰው ጠረጴዛው ራስ ላይ ያስቀመጠው ወረቀት ሲዘጋጅም ክፍሉ ውስጥ ነበራችሁ።

ሕንፃችሁ የቆመበት ቦታ ድሮ ምን እንደነበረ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ዓለም በቃኝ። እስር ቤቱ ፈርሶ ነው ያ የሚያብረቀርቅ አዳራሽ የተሠራው። ስለዚህ ‹‹ያለፈውን እንርሳውና ወደፊት እንይ›› የሚለውን የአደራዳሪ ቋንቋ እዚያ ቦታ ላይ ስትናገሩት ትንሽ ቢሸክካችሁ ደስ ይለኛል።

የመመሥረቻ ሕጋችሁ አንቀጽ 4 የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ሕብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት አለው ይላል። እንግዲህ የዳርፉሯ ከተማ አል ፋሽር ከ500 ቀን በላይ ተከባ ቆየች። ሰው ለከብት የሚሰጠውን ፋጉሎ፣ እነሱ አምባዝ የሚሉትን፣ እየበላ ነበር። ኦክቶበር 26፣ 2025 ፈጥኖ ደራሾቹ ገቡባት፤ ገዳዮቹ ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮ ሁላችንም አይተናል። የጦሩም አውሮፕላን ገበያ ላይ ቦምብ ሲጥል ነው የከረመው፣ እሱም እንዳይረሳ። ጦር ላኩ አልላችሁም፤ ካዝናችሁን አውቃለሁ። መሣሪያውን ስለሚያቀብሉትም ሰፊ ሐተታ አላበዛም። ኤምሬቶች ፈጥኖ ደራሾቹን አላስታጠቅሁም ትላለች፣ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ግን ክሱ ተዓማኒ ነው ብለው ጽፈዋል፤ ወርቁ የት እንደሚሸጥ ደግሞ ዱባይ የሄደ ሁሉ ያውቃል።

የምለምናችሁ ነገር ከዚህ ያነሰ ነው። ወደ ጄሪካኗ ልመለስ።

ያቺ ጎረቤታችን በሦስተኛው ሳምንት ግቢዋ ውስጥ ትልቅ ድስት ጣደች። ብቻዋን አይደለም፤ የሰፈሩ ልጆች፣ በ2019 የተቃውሞ ኮሚቴ የነበሩት፣ እንጨት ያመጣሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ማን እንዳልበላ በደብተር ይጽፋሉ። አንዱ ቀን ፉል፣ አንዱ ቀን ምስር፣ ሲጠፋ ገንፎ፣ ዓሲዳ ይሉታል። ውጭ ያለው ዘመድ ባንካክ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ብር ይልካል፣ ልጁ ገበያ ሮጦ ከመዘረፉ በፊት ምስር ገዝቶ ይመለሳል። ሱዳኖች ይህን ነፊር ይሉታል። የኛው ደቦ ነው፤ ማንም ሳያዝዝ ተጠራርቶ መሥራት። ማዕድ ቤቱን ተኪያ፣ ስብስቡን ደግሞ የአደጋ ጊዜ ክፍል ይሉታል። በመላ አገሪቱ በየሰፈሩ እንዲህ ዓይነት ተቋቋመ። መንግሥት በጠፋበት፣ የዕርዳታ መኪና በማያልፍበት ቦታ ሕዝብ የበላው በእነሱ እጅ ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ ከ1,000 በላይ ማዕድ ቤት ተዘጋ፤ ከዚያም የቻሉት በመዋጮ መልሰው ከፈቱ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጧቸው። ወረቀቱ ደስ ይላል፣ ድስት ግን አይሞላም።

ደብተራቸውን አይቼዋለሁ። የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ያለበት። የቤት ቁጥር፣ የሰው ብዛት፣ ‹‹ስኳር በሽተኛ››፣ ‹‹የምታጠባ››፣ ‹‹ሐበሾች 8››። እኛን ማለታቸው ነው። ለአንድ ቀን እንኳን የማን ዜጋ ናችሁ ብለው አልጠየቁንም። እነዚህ ልጆች በሁለቱም ወገን ታስረዋል፣ ተገድለዋል። አንደኛው ወገን የጠላት ሰላይ ይላቸዋል፣ ሌላኛውም እንደዚያው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። መቼም አንድ ቀን፣ እዚህ ይሁን ቀደም ሲል ድርድር በተሞከረባት ጂዳ፣ እንደገና ጠረጴዛ ይዘረጋል። ያኔ ሁለቱን ጄኔራሎች አትጥሩ አልልም፤ የተኮሰው ካልመጣ ተኩሱ አይቆምም። እዚህ ሆቴሎቻችን ውስጥ የሚሰበሰቡትን ሲቪል ፖለቲከኞችም አትጥሯቸው አልልም፣ ምንም እንኳን ሐምዶክና ጓደኞቹ በ2024 እዚሁ አዲስ አበባ ትልቅ ጉባኤ አድርገው ዓመት ሳይሞላቸው ቢሰነጠቁም። ግን የአደጋ ጊዜ ክፍሎቹ የራሳቸውን ሰው መርጠው ይምጡ። በታዛቢነት ሳይሆን በድምፅ። የተፈናቃይ ካምፖቹም እንዲሁ፣ የሻይ ሻጮቹ ማኅበርም እንዲሁ። አዋዲያ ማህሙድ ኮኮ የምትባል የኑባ ሴት እነዚያን ሻይ ሻጮች አደራጅታ በ2016 ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ ተሸልማለች፤ ‹‹የሚወክላቸው የለም›› አትበሉን። የማን ሰፈር ስንት ሰው እንዳለበት፣ ማን ምን እንደጎደለው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጄኔራሎቹ የሚያውቁት የፍተሻ ኬላ ብዛት ነው።

ደግሞ ለተኮሰ ሁሉ ሚኒስትርነት የሚሰጥ ወረቀት ይቅር። ከወርቁ ሳይለይ፣ ከጠመንጃው ሳይለይ ማንም ሥልጣን ላይ አይውጣ። ‹‹ይህ ካልሆነ አይፈርሙም›› ትሉኛላችሁ። የፈረሙትንስ አየነው አይደል?

ስለ ራሳችንም ልናገር፣ ካልሆነ ሚዛን አይሆንም። እኔ ከካርቱም በወድ መዳኒና በገዳሪፍ አድርጌ ገላባት ደርሼ ድልድዩን በእግሬ ነው ወደ መተማ የተሻገርኩት። በ2020 ከትግራይ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሱዳን ሲገባ የገዳሪፍ ገበሬ ከራሱ ማሽላ አካፍሏል። ኡም ራኩባ ያኔ እንደገና ተከፈተ፤ በ1984ቱ ረሃብም የኛን ሰው ያስጠለለች ካምፕ ናት። ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ነኝ ስትል ነጃሺን የማያነሳልህ ሽማግሌ የለም። ሱዳኖቹ በተራቸው ወደኛ ሲመጡ ግን ኩመርና አውላላ ካምፕ የነበሩት ዝርፊያውና ጥቃቱ ሲበዛባቸው፣ ሜይ 2024 ላይ ካምፑን ጥለው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እናንተ ከዚያ ጫካ አንድ ተወካይ ለማነጋገር ጂዳ መሄድ አያስፈልጋችሁም ነበር፤ እዚሁ አገር ነው።

ያቺ የጎንደር ልጅ አሁን መተማ ዮሐንስ ቡና ታፈላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ኦምዱርማን እህቷ ጋ ናት፣ ድስቷም አብሯት ሄዷል። ባለፈው በድምፅ መልእክት አውርተን ነበር። አፍሪካ ሕብረት ቢጠራችሁ ትመጣላችሁ ወይ አልኳት። ሳቀች። ፓስፖርቷ ካርቱም ቤቷ ውስጥ ተቃጥሏል። ስለዚህ በአካል ካልሆነ በቪዲዮ ይሁን፤ ስታርሊንክ ያለበት ሰፈር ሄደው ለሰዓት እየከፈሉ ይገናኛሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ስብሰባውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ጠዋት ድስት ላይ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዴም የቀድሞ ነዋሪ